የሳሃፋው ቤት ታሚን

ሐምሌ 9 ቀን 2010፣ ሰኞ

ዛሬ የዚህ የሳሃፋው ቤት አከራያችን በሽር መጣ። ሰላም ከማለቱ በፊት መስኮቶቹን በዓይኑ ለካ። ቁጭ በል ስለው እምቢ አለና ግቢው መሃል እንደቆመ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ሂሻም ሊያገባ ነው። ቤቱን ለእሱ እፈልገዋለሁ። እስከ ስምንተኛው ወር መጨረሻ» አለኝ። ስምንተኛው ወር የሚለው በእነሱ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 25 መሆኑ ነው።

ልጅ መዳር ደግ ነገር ነው። «መብሩክ» አልኩት። ግን አራት ዓመት ተኩል አንድ ቀን ሳላሳልፍ ኪራይ የከፈልኩትን እኔን እንደ አሮጌ ፍራሽ በክረምት አውጥቶ መጣል ምን ይሉታል? ንዴቴን ዋጥኩና «ታሚኑስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስንገባ ያስያዝኩት የሦስት ወር ኪራይ፣ ስድስት ሺህ ፓውንድ፣ እጁ ላይ ነው።

«ኢንሻላህ» አለ።

ኢንሻላህ ብዙ ዓይነት ነው። ሃያ ዓመት ካርቱም ስኖር የትኛው «አዎ»፣ የትኛው «እርሳው» እንደሆነ ገና ከአፍ ሲወጣ መለየት ተምሬያለሁ። የበሽር ሁለተኛው ነው። ለሚስቴ ለወሰንየለሽ ስነግራት አልጮኸችም፤ «ወረቀት አለህ አይደል?» ብቻ አለች። አለኝ። እኔ ወረቀት ይጠፋብኛል?

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

ቤት ፍለጋ። ሀሩር። ሦስት ረክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ ቀያየርኩ። ወዳጄ ሳምሶን ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት አግኝቶልኛል፤ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ጓዳ። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፤ ስድስት ሺህ ታሚን ካልጨበጡ ቁልፍ አይሰጡም። እስከ ነሐሴ 25 እጠብቅሃለሁ ብለዋል። ኪራዩን ከደሞዜ እወጣዋለሁ። ታሚኑን ግን በሽር ካልመለሰልኝ ከየትም አላመጣም፤ መንገድ ላይ መውደቃችን ነው።

ትሁት አኮረፈች። «አባዬ፣ ሐጅ ዩሱፍ እኮ በዒድ ነው። መድረሳዬስ?» አለችኝ። እዚሁ ተወልዳ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ ናት። ሩቅና ትምህርት ቤት ማለት አቅቷት ሳይሆን በዒድና መድረሳ ይቀርቧታል።

ሐምሌ 13፣ ዓርብ

ሬሕማ መጣች። የጓሮዋን ክፍል ከእኛ ተከራይታለች። ስድስቱን ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፣ ዓርብ ዓርብ እዚህ ታድራለች። የወሎ ልጅ ናት፣ ነገር አታበዛም። ዛሬ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ጋሼ፣ እናንተ ከለቀቃችሁ እኔም መልቀቄ ነው። ያች ታሚኔስ?» አለችኝ።

ስትገባ አንድ ሺህ ፓውንድ አስይዛኝ ነበር። የትሁት የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ሳምንት ስለነበር እዚያው ገባ። ገንዘብ መቼም ቦታ ይቀያየራል። «በሽር የእኔን ሲመልስ የአንቺን እመልሳለሁ» አልኳት። ትክክለኛ መልስ ነው። «እሺ» አለች። እሺ ስትል ግን ትንሽ ቆማ አየችኝ፤ ለምን እንዳናደደኝ አላውቅም።

ሐምሌ 22፣ እሁድ

በሽር ቀለም ቀቢ ይዞ መጣ። ልጁ ሂሻም ከኋላ፣ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ። አባትየው ግድግዳውን በጥፍሩ እየጫረ፣ «ቀለሙ ለቋል፣ ታንከሩ ዝጓል፣ የበሩ ማጠፊያ ላልቷል፣ የሻወሩ ወለል ተሰንጥቋል» እያለ ይቆጥራል። ቀቢው ዋጋውን ይጠራል። ተደምሮ ስንት ቢመጣ ጥሩ ነው? ስድስት ሺህ! አልተረፈ፣ አልጎደለ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ፣ አልኩ በአማርኛ።

በዓረብኛ ግን በወጉ ነው የነገርኩት። «ተከራይ የሚጠየቀው ለሰበረው ነው፤ ዕድሜ ላስረጀው አይደለም። ቀለም በአምስት ዓመት ማንም ቢኖርበት ይለቃል። ታንከሩ ስገባም የዛገ ነበር፣ ሁለት ጊዜ በኪሴ አስበይጄዋለሁ። ወለሉን ሰንጥቀሃል ካልከኝ ስገባ ደህና እንደነበር የተፈራረምንበትን አምጣ። የምር ያጠፋሁት ካለ፣ ያሠራህበትን ደረሰኝ አሳይተህ እሱን ብቻ ትቀንሳለህ። ታሚን ያንተ ገንዘብ አይደለም፣ አደራ ነው።» አሥራ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩት ለከንቱ አይደለም፤ ቀቢው እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

በሽር ሳቀ። «የምን አደራ? ታሚን ሰጥተኸኛል ያለው ማን ነው?»

 ሂሻም ከስልኩ ቀና ብሎ አባቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ሐምሌ 23፣ ሰኞ

ደረሰኙ ተገኘ! ከትሁት የልደት ወረቀት ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። በዓረብኛ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ የበሽር ፊርማ። የኪራይ ውላችን በየዓመቱ ይታደሳል፤ ስለ ታሚን ግን አንዲት ቃል የለበትም። ያለችኝ ይህች ብጣሽ ወረቀት ናት። ለወሰንየለሽ ልብስ ከምታጥብበት ጠርቼ አሳየኋት።

የዚህ ሰፈር ስደተኛ ማመልከቻውን የሚያጽፈው የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ እኔን ብሎ መጥቶ ነው። ለገሠ የጻፈው ወረቀት አይመለስም ይላሉ። በሽር ይምጣና ይየው።

ሐምሌ 27፣ ዓርብ

ምነው እጄን በቆረጠው።

በሽር ወረቀቱን ተቀበለኝ። አንድ ጊዜ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ፊቱ ፈካ። «ቀኑን ተመልከት ያ ኡስታዝ። 5/5/2006። በ2006 እኔ ጅዳ ነበርኩ። ይህን ቤት የገዛሁት በ2011 ነው። ወረቀትህ ቤቱን ገና ሳልገዛው አከራይቶሃል!» ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ጥር 5 ቀን 2006። በእኛ! በእነሱ 2014 መሆኑ ነው። ሙሉውን በዓረብኛ ጽፌ፣ ቀኑን በሀገሬ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። «ይህ የሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ አንተም ታውቃለህ፣ ስትፈርም ፊቴ ቆመህ ነበር» እያልኩ ጮህኩ። ያውቃል። ዓይኑ ላይ አየሁት፣ ያውቃል። «ለእኔ ወረቀት ወረቀት ነው» ብሎ ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ወጣ።

ለሌላ ሰው ስጽፍ ቀኑን ሁለቴ አመሳክራለሁ። ለራሴ ስጽፍ እጄ ወደ ሀገሩ ሄደ። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግቢ ያለው ቤት አግኝተን።

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ሥራ ላይ አንድ ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ሊያጽፈኝ መጣ። ቀኑ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሌላ ጊዜ ና አልኩት። ከስህተቴ በላይ የሚያንገበግበኝ የበሽር ሳቅ ነው። የሰውን ስህተት እንደ በር ተጠቅሞ መግባት!

ወሰንየለሽ ሳህን እያጠበች፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። ለማንም አላለችም። ትሁት ደግሞ፣ «አባዬ፣ የመድረሳ ፎርም ስሞላ ‹በእነሱ ቁጠሪ!› ብለህ ጮኸህብኝ አልነበር?» ትለኛለች። ጮኼያለሁ። ሁለቱንም ዛሬ ማየት አስጠልቶኛል።

ነሐሴ 4፣ ዓርብ

የሰፈሩ ኮሚቴ፣ ለጅና የሚሉት፣ ጉዳዩን ለማየት ማክሰኞ ቀጠረን። ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ «ወረቀትህ አጠራጣሪ ነው። ምስክር አለህ?» አሉኝ።

አለኝ። እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልታየኝ! ገንዘቡን በሽር ቤት ስከፍል ሻይ ያቀረበችልን ሬሕማ ናት። ያኔ የበሽር ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከእኛም የተዋወቀችው በዚያው ነው። አሁን የምትሠራው እህቱ ቤት ነው፣ ሁለት መንገድ አልፎ።

 ስነግራት፣ «ጋሼ፣ የምበላው እኮ ከእህቱ እጅ ነው» አለች።

«ታዲያ እውነቱ የት ይግባ? ሐቅ አይደለም ወይ?» አልኳት። ስለ እውነት ብዙ ነገርኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ትሁት ከክፍሏ ወጥታ አየችን።

«ሐቅማ ሐቅ ነው» አለች ሬሕማ። «እመጣለሁ። የእኔንም ያችን ነገር እግረ መንገድዎን...»

«ሁሉም በተራው» አልኳት።

ነሐሴ 8፣ ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ያለውን ሁሉ ልጻፈው።

ሰብሳቢው ደጅ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በሽር ነጭ ጀለቢያውን አስተኩሶ፣ የድሮ ፓስፖርቱን ከነጅዳ መኖሪያው ይዞ መጥቷል። «በ2006 ሀገር ውስጥ አልነበርኩም» ብሎ ማኅተሙን አሳያቸው። ልክ ነው፣ አልነበረም። ባልተጠየቀው እውነት ይምላል!

ስለ አቆጣጠራችን ማስረዳት ያዝኩ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ዛሬ በእናንተ ስንት ዓመት ነው?» አለኝ።

«2010።»

«ወላሂ እናንተ ሀገር ልሂድ! ጉልበቴ አይታመምም ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ቤቴን ላጣ ነው፣ እነሱ ይስቃሉ። 

ከዚያ ሬሕማ ተጠራች። ጥቁር ሻሿን አጥብቃ፣ ማንንም ሳታይ፣ በጥሩ ዓረብኛ ተናገረች። «ሻዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐጅ በሽር ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ሁለተኛውን ሲቆጥሩ ስድስት ሺህ ሲሉ ሰማሁ። ‹ለኡስታዝ ስኳር ጨምሪ› አሉኝ። ትልቁ አልጋ ሥር ካለው ሳጥን ነው የከተቱት።»

በሽር ተቆጣ። «የእሱ ተከራይ ናት! ምን ብላ ትመሰክርበት?»

ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ተከራዩ ነሽ?»

«አዎን።»

«ለእሱ ታሚን አስይዘሻል?»

«አስይዣለሁ።»

«ገንዘብሽ ደህና ነው?»

ያኔ ገና ወደ እኔ አየች። «ኡስታዝ የሰው ሐቅ አይበላም» አለቻቸው። ኮራሁ። መዳፌ አልቦኝ ነበር፤ ሙቀቱ የጉድ ነው ዛሬ።

ሰብሳቢው ቁርአን አስመጡ። «በሽር፣ ታሚን አልተቀበልኩም ብለህ ማልና ነገሩ ይለቅ» አሉ። ዒድ ሊገባ ሰባት ቀን ቀርቶታል። በሽር መጽሐፉን አየ። እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም። ሁላችንም ጠበቅን። በመጨረሻ ተነስቶ፣ «ስለ ጉርብትና ብዬ እሰጠዋለሁ» አለ። ስለ ጉርብትና! ሌባ ሲይዙት ለጋስ ይሆናል።

ተፈረደልኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሬሕማ ከፊቴ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር። ላመሰግናት ጠራኋት፣ አልሰማችኝም።

ነሐሴ 10፣ ሐሙስ

በሽር ቼክ ሰጠኝ! ባንኮች ካሽ ከከለከሉ ወራት አልፏል፤ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚያ ላይ እኔ ስደተኛ ነኝ፣ የባንክ ደብተር የለኝም። ይህን ሁሉ ያውቃል። «ስድስት ሺህ ነው፣ ቁጠረው» አለኝ፣ ቼክ ይቆጠር ይመስል። ደግሞስ የዛሬ አራት ዓመት ስድስት ሺህና የዛሬው አንድ ነው? ያኔ ግማሽ ቤት ዕቃ ይገዛ ነበር።

ሬሕማም መጣች። ዓርብ አይደለም ዛሬ። ዕቃዋን በአንሶላ ቋጥራ ይዛለች። የበሽር እህት አሰናብታታለች፤ የወሩን ደሞዝ እንኳ ግማሹን ነው የሰጠቻት። እነዚህ ሰዎች! ስለ እሷ ስል ሄጄ ልጮህባቸው ነበር፤ ወሰንየለሽ «መጀመሪያ ያንተን ዕዳ ክፈል» አለችኝ። ቼክ ቆራርጬ ልክፈላት?

ነሐሴ 14፣ ሰኞ

ባንክ፦ ካሽ የለም። ከዒድ በኋላ። ሬሕማ ጓሮ ውስጥ ጸጥ ብላ ትውላለች። ትሁት ምግብ ታመላልስላታለች። እኔ በፊት ለፊቱ በር ነው የምወጣው፣ ለሥራ ይቀርበኛል።

ነሐሴ 20፣ እሁድ

ቼኩን ሸጥኩት። ሱቅ ውስጥ ቼክ የሚገዛ ነጋዴ አለ፤ ለስድስት ሺሁ አምስት ሺህ ጥሬ ሰጠኝ። አንድ ሺህ ፓውንድ እንደ ጤዛ! ከሳምሶን አንድ ሺህ ተበደርኩና ለሐጅ ዩሱፏ አሮጊት አስረከብኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ረጋ ብሎ ላሰበው ነገሩ ግልጽ ነው። የሬሕማ አንድ ሺህ ቼኩ ውስጥ ቀረ። የበላው በሽር ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ነሐሴ 23፣ ረቡዕ

ሬሕማ ወደ ሀገሯ ሄደች። በገዳሪፍ አድርጋ በመተማ።

ጠዋት አስጠራችኝ። እንደ ሰው ላነጋግራት ወጣሁ። ከደሞዜ ሦስት መቶ ፓውንድ ቀርቶኝ ነበር፣ እሱን ያዝኩላት። አንድም ሳልደብቅ አስረዳኋት፤ ቼኩ ያጎደለውን፣ ብድሩን፣ ከዚያም ክፍሏ ራሷ ያለችበትን ሁኔታ። ግድግዳው ላይ ሦስት ትላልቅ ሚስማር አለ፤ ስንለቅ በሽር በእኔ ነው የሚያሳብበው። የፍሳሹም ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሲታሰብ ሦስት መቶው መጥፎ አይደለም።

ገንዘቡን ተቀብላ አልቆጠረችውም። «ጋሼ፣ ሚስማሩን የመቱልኝ እርስዎ ነዎት» አለች።

ረስቼው ነበር።

ከዚያ የወሎ ሙስሊሞች መንገድ ሲወጡ እንደሚያደርጉት ተሰናበተች። ወሰንየለሽን አቅፋ፣ «እትዬ፣ አውፍ በሉኝ። ያስቀየምኩዎት ካለ ይተዉልኝ፣ እኔም ትቻለሁ» አለቻት። ትሁትን፣ «አውፍ በይኝ፣ እኔም ትቻለሁ» አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ዘንድ ደረሰች። አውፍ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፤ «የእርስዎን አልተውኩም። ሐቄ ነው። አኺራ ላይ እንገናኛለን።»

አንሶላዋን ተሸክማ ወጣች።

ለሰባት መቶ ፓውንድ! ለሰባት መቶ ፓውንድ በወዲያኛው ዓለም ትከሰኛለች! እኔን፣ ማንንም ሰርቄ የማላውቀውን፣ ፖለቲካ ካላወራህ አስተማሪ አድርገን እናኑርህ ሲሉኝ ለኅሊናዬ ብዬ የተሰደድኩትን! በሽርን ስንት ነገር ያደረገኝን ለምን አልከሰሰችም? ወሰንየለሽን እንዲህ አልኳት። «በሽርማ ቁርአን ሲያይ ፈርቷል» አለችኝና ዕቃ ማሰሯን ቀጠለች። ሬሕማ ለመሳፈሪያ የጆሮ ጌጧን እንደሸጠችም ነገረችኝ።

ሚና በሪ፣ አውቶቡስ መነሻው ድረስ፣ መሄድ አስቤ ነበር። ጭነት ነበረብን። ቢኬድም ምን ይዞ ይኬዳል?

ነሐሴ 25፣ ዓርብ

ገባን። ጣሪያው ያንጠባጥባል። አሮጊቷን ወለሉን፣ በሩን፣ ታንከሩን አንድ በአንድ አስጽፌ አስፈርሜያቸዋለሁ፤ ቀኑን በእነሱም በእኛም። ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም።

ነሐሴ 28፣ ሰኞ

ሳምሶን ብድሩን አስታወሰኝ። «ጠባቧን ጓዳ ለምን አታከራያትም? አንዲት ልጅ አለች፣ ታሚን ታስይዝሃለች፣ በእሱ ትከፍለኛለህ» አለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ማንም የሚያደርገው ነው።

ልጅቷ ዛሬ ከሰዓት መጣች። መሪማ ትባላለች፣ እሷም ከወሎ፣ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ክፍሏን አየች፣ ወደደቻት። መቀነቷን ፈትታ ስምንት መቶ ፓውንድ አወጣች፤ ኖቶቹ ከመታጠፋቸው ብዛት ለስልሰዋል። እጄን ዘረጋሁ።

ወሰንየለሽ ከኋላዬ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ ስትኖር በሰው ፊት አዋርዳኝ አታውቅም።

«ለእሱ አትስጪ፣ እህቴ» አለቻት።

ትሁት በሩ ላይ ቆማለች። ተቆጣሁ፤ መቆጣቴን አስታውሳለሁ፤ «በገዛ ቤቴ!» ያልኩ ይመስለኛል።  ልጅቷ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሚስቴን አየች። ከዚያ ገንዘቧን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።